ለቮልስዋገን ኮምቢ ሞተር የካርቡራተር ምርጫ በወሎ

በተለምዶ ኮምቢ የሚባለው የቮልስዋገን ሚኒባስ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። መኝታና ማብሰያ ተገጥሞለት የጉዞ መኪና የሆነውም ብዙ ሳይቆይ ነበር። ወሎ ውስጥ የእንዲህ ያለ መኪና ሞተር ወርዶ ሲታደስ የካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) ምርጫ ለፋብሪካው መመሪያ ብቻ መተው አይበጅም። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው የሐረጎ ዳገት አለ። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የወረደ ደግሞ አፋር ቆላ ይገባል። አንዱ ካርቡራተር ይህን ሁሉ አየር መቻል አለበት።

እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት የተሠሩት ባለ 28 ሚሊሜትር ሶሌክስ የሚባሉ ካርቡራተሮች ለ1600 (1.6 ሊትር) ሞተር ጠባብ ናቸው።

ዋናው ጉዳይ የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው። ለ1968 ሞዴል የቀረበው ባለ 47 የፈረስ ጉልበት 1600 ሞተር ሶሌክስ 30 ፒክት-2 ነበረው፤ በ1970 በ30 ፒክት-3 ተተካ። በ1971 ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ የአየር መግቢያ ሲኖረው ጉልበቱ 50 ደረሰ፣ 34 ፒክት-3 ተገጠመለት። ቁጥሩ የካርቡራተሩን ጉሮሮ ስፋት በሚሊሜትር ይናገራል። 34ቱን በአሮጌው ማኒፎልድ (ቅይጡን ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያደርሰው ቱቦ) ላይ ለማስቀመጥ ማገናኛ ያስፈልጋል፤ ባለ አንድ መግቢያ ቴስታታ ላይ ግን ከ30ው የተሻለ ነገር አይገኝም። በ1972 ብቅ ያለው 1.7 ሊትር ሞተር ከፋብሪካው ሁለት ሶሌክስ ይዞ 66 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር።

ጄት የሚባለው የነዳጅ ማሳለፊያ ቁጥሩ የቀዳዳውን ስፋት በመቶኛ ሚሊሜትር ያሳያል፤ 127.5 ማለት 1.275 ሚሊሜትር ነው። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአምስት አንድ እጅ ያህል ስለሚሳሳ በዚሁ የ127.5 ጄት የሚሠራ ሞተር ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። በስሌት ወደ 120 መውረድ ተገቢ ነው። ነገር ግን በ120 ሚሌ የወረደ ሰው ቤንዚን ያንሰዋል። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ቤንዚን ሲያንሰው ይግላል፤ የጭስ ማውጫ ቫልቩም ይቃጠላል። ስለዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ብቻ ለሚመላለስ 120 ይበቃል፤ ቆላ ለሚወርድ 125 ይሻላል፣ ደሴ ላይ ትንሽ ጭስ መታገሥ ግድ ቢሆንም። ፍርዱን የሚሰጠው ካንዴላው ነው፦ ሐረጎን ወጥቶ ሞተሩን ወዲያው አጥፍቶ መፍታት፤ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፣ ነጭ ከሆነ ጄቱ ጠቧል።

በአንዱ ሶሌክስ ፈንታ ዌበር የሚባሉ ሁለት ካርቡራተሮች መግጠም አከራካሪ ነው። ባለ 34ም ሆነ ባለ 40 ጥንድ ዌበር ዳገት ላይ ጉልበት እንደሚጨምር አያጠራጥርም፤ ይሁንና ሁለቱን እኩል ማስተካከል ትዕግሥት ይጠይቃል፣ መለዋወጫውም እንደ ሶሌክስ አይደለም። ሌላም ነገር አለ፦ ነጠላው ሶሌክስ የሚቀመጥበት ማኒፎልድ ከጭስ ማውጫው በሚመጣ ቀጭን ቱቦ ይሞቃል፣ የዌበሮቹ አጭር ማኒፎልድ ግን ይህ የለውም። የደሴው ተራራ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ በሚያድርበት ወር ልዩነቱ ጠዋት ይታወቃል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ለጉዞ መኪና ነጠላው ሶሌክስ ይሻላል።

አዲስ ካልተገኘም አሮጌው አይጣልም። የነዳጅ መስጫው ዘንግ የሚዞርበት ቀዳዳ በልቶ ከሆነ በጣት ሲነካ ይወዛወዛል፤ በዚያ የሚገባው አየር ሞተሩን ቀስ ብሎ እንዳይሠራ ያደርገዋል። ጥሩ የቶርኖ ባለሙያ የነሐስ ቡሽ አስገብቶ ያድነዋል፤ በደሴ ጋራዦች እጅ የሰለጠነ ሰው መኖሩ ለአካባቢው ትልቅ ሀብት ነው። ቁልፍ ሲከፈት ከካርቡራተሩ ጎን «ጠቅ» የሚል ድምፅ ካልተሰማ በኤሌክትሪክ የሚከፈተው የስራ ፈት ቫልቭ ሞቷል። 34 ፒክት-3 የተነደፈው የአየር መሳቢያ ላለው ዲስትሪቢዩተር (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ክፍል) ነው፤ በሚሽከረከሩ ክብደቶች ብቻ የሚሠራው 009 የሚባለው ዲስትሪቢዩተር ከተገጠመ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ለአፍታ ይደነግጣል፣ ጥፋቱም በካርቡራተሩ ይሳበባል። ካርቡራተር ከመቀየር በፊት ዲስትሪቢዩተሩን ማየት ያሻል። ሞተሩ ከወረደ አይቀር የማኒፎልዱም ማሞቂያ ቱቦ በጥላሸት መደፈኑ ይታይ፤ ከተደፈነ በሽቦ ተጠርጎ ካልተከፈተ አዲስ ካርቡራተር ቢገጠምም የደሴ ጠዋት ያስቸግራል።