ማንቲስ «ቆዳ ቀየረ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን አንድ የደሴ ልጅ የሞተ ማንቲስ (የፊት እግሮቹን እንደሚጸልይ ሰው አጥፎ የሚይዝ፣ ሌሎች ነፍሳትን አድኖ የሚበላ ነፍሳት) በብልቃጥ ይዞልኝ መጣ። «ምግብ እምቢ ብሎ ቁልቁል ተንጠለጠለ፤ ታሟል ብዬ አወረድሁት» አለኝ። አልታመመም ነበር፤ ቅርፊቱን ሊጥል ተዘጋጅቶ ነበር። ተመሳሳይ ታሪክ ደጋግሜ ስለሰማሁ ዝም ማለት አቃተኝ።

ጥፋቱ «ቆዳ መቀየር» ከሚለው አነጋገር ይጀምራል። «እባብም ቆዳውን ይገፍፋል፤ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል?» ብሎ የተከራከረኝ ሰው አለ። የእባብ አጥንት ከውስጥ ነው። የማንቲስ አጽም ግን ውጩ ራሱ ነው፤ የሚጥለው ልብሱን ሳይሆን ምሰሶና ማገሩን ነው። ባዶውን ቅርፊት አንስታችሁ በብርሃን ተመልከቱት፦ ከውስጥ የተንጠለጠሉት ነጫጭ ክሮች የመተንፈሻ ቱቦዎቹ ሽፋን ናቸው። እባብ ይህን አይጥልም።

የጭቃ ቤት አስቡ። ባለቤቱ በአሮጌው ግድግዳ ውስጥ ሆኖ አዲስ ያቆማል፤ ስለሚጠብበትም እያጣጠፈ ይሠራዋል። ከዚያ አሮጌውን ሰንጥቆ ይወጣና ምርጊቱ ሳይደርቅ አዲሱን ገፍቶ ያሰፋዋል። ከደረቀ በኋላ የጎበጠው እንደጎበጠ ይቀራል። በዚያች ሰዓት ጣሪያውን የሚነቀንቅ ጎረቤት ቢመጣስ? ማንቲሱን «ላግዘው» ብሎ የሚነካ ሰው ያ ጎረቤት ነው። ቁልቁል የሚንጠለጠለው የገዛ ክብደቱ ከአሮጌው ቅርፊት ስቦ እንዲያወጣው ነው፤ ከወደቀ እግሩ ተጣሞ ይደርቃል።

ስለዚህ ማንቲሱን የምታሳድጉበት ሳጥን ቁመት ቢያንስ የማንቲሱን ርዝመት ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ክዳኑ ከውስጥ በኩል እግር የሚይዝ መረብ ይኑረው። በሕይወት ያለ ፌንጣ ውስጡ አትተዉ፤ ገና ያልጠነከረውን ማንቲስ ይነክሰዋል። ትንሽ እርጥበትም ያስፈልጋል፤ አየሩ ሲደርቅ ቅርፊቱ ተጣብቆ ይቀራል። ከወጣ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሳይጠነክር አትመግቡት።

ሙያዬ ሰብል ጥበቃ ነውና አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። በ2013 ዓ.ም. የወሎን ማሳ የበላው የበረሃ አንበጣም የሚያድገው በዚሁ መንገድ ነው። ኩብኩባው፣ ማለትም ገና መብረር የማይችለው የአንበጣ ልጅ፣ መብረር የሚችል ክንፍ የሚያገኘው ለመጨረሻ ጊዜ ቅርፊቱን ሲጥል ነው፤ መከላከሉ ከዚያ በፊት የሚቀለውም ስለዚህ ነው።

የማንቲስም ክንፍ እንዲሁ በመጨረሻው ይዘረጋል፤ ከዚያ ወዲያ ቅርፊት አይጥልም። እንግዲህ ክንፍ ያወጣ ማንቲስ መብላት ካቆመ «ሊቀይር ነው» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሌላ ምክንያት ፈልጉለት።