ዲሽ ማስተካከል በወሎ

ዲሽ ማስተካከል ማለት ጣራ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ የተተከለን ሳህን ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለ ሳተላይት አዙሮ፣ የሚሰበስበው ሞገድ ከሳህኑ ፊት የተገጠመው መቀበያ፣ ኤልኤንቢው፣ አፍ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ኤልኤንቢውን ብዙ ሰው «ኤልኤምቢ» ይለዋል። ከደሴና ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ፣ ላሊበላና መካነ ሰላም ድረስ ሥራው ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል፤ ባለሙያው ዲሽ ሠሪ ይባላል። በአማርኛ ስለ ሙያው ተሰብስቦ የሚገኝ ጽሑፍ ጥቂት በመሆኑ ይህ ዳሰሳ በሁለት ነገር ይደገፋል። አንዱ የሳተላይቶቹ ቦታ የሚሰጠው ስሌት ነው፤ ሌላው ባለሙያዎቹ ከጣራ ጣራ እየተቀባበሉ ያቆዩት ልምድ ነው።

ከዲሽ በፊት

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። የምድር ላይ ሥርጭት ከማማው እስከ ቤቱ አንቴና በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ ተራራ የጋረደው ሸለቆ አይደርሰውም፤ ወሎ ደግሞ አገሩ ሁሉ ተራራና ሸለቆ ነው።

የናይልሳት ዘመን

የግብጹ ናይልሳት የመጀመሪያ ሳተላይቱን ያመጠቀው በ1990 ዓ.ም. ሲሆን ቦታው በምዕራብ ኬንትሮስ 7 ዲግሪ ላይ ነው። ከደሴ ሲታይ ከምዕራብ 10 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ዘወር ብሎ፣ ከአድማስ 35 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይገኛል። የደሴ ሰው ይህን አቅጣጫ ያለ ኮምፓስ ያውቀዋል፤ ጦሳ ያለበት ጎን ነው። ተራራው ራሱ ብዙ ጊዜ ሲግናሉን አይጋርደውም። ግርጌው ላይ ተጠግቶ ለተሠራ ቤት ግን ቁልቁለቱና ባሕር ዛፉ ተደማምረው 35 ዲግሪውን ሊሞሉት ይችላሉ። በዚያ ሰፈር ዲሹን ከጣራው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ማዞር የተለመደ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በናይልሳት ሥርጭት ሲጀምር ዲሽ ማሠራት የቤት ሁሉ ጉዳይ ሆነ። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማስፈጸሚያ መመሪያ ከውጭ አገር የሚሠራጩትን ኢሳትና ኦኤምኤን የተባሉ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች መከታተል ከልክሎ ነበር።

በምሥራቅ ኬንትሮስ 26 ዲግሪ ላይ ያለው ዓረብሳትም በወሎ ቤቶች የቆየ ወዳጅ ነው። በረመዳን የመካን ተራዊሕ ሶላት በቀጥታ መከታተል የሚፈልግ ቤተሰብ ወይ ይህን ወይ ናይልሳትን አይተውም።

ወደ ኢትዮሳት መዞር

የሙያው ትልቁ ምዕራፍ የተከፈተው በ2012 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስኢኤስ ከተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋር ተስማምቶ ኢትዮሳት የተባለውን የቻናሎች መድረክ አቋቋመ። የተመረጠው ሳተላይት በ2002 ዓ.ም. የመጠቀው ኤንኤስኤስ 12 ሲሆን በምሥራቅ ኬንትሮስ 57 ዲግሪ ላይ ይገኛል። ቻናሎቹ ቀስ በቀስ ከናይልሳት ወጡ። ምክንያቱ ከአባይ ግድብ ውዝግብ ጋር የተያያዘ እንደሆነ የሚናገሩ አሉ፤ ወጪና የውጭ ምንዛሪ እንደሆነ የሚያስረዱም አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ የአገር ቤት ቻናሎች በአንድ የራስ መድረክ መሰባሰባቸው ትልቅ እርምጃ ነበር።

ለወሎ ግን ትርጉሙ ጣራ ላይ ነው የታየው። ምዕራብ ሲያዩ የኖሩ ሳህኖች ሁሉ ወደ ደቡብ ምሥራቅ መዞር ነበረባቸው። በስሌት ከደሴ ኢትዮሳት የሚገኘው ከሰሜን በስተቀኝ ሲቆጠር 122 ዲግሪ ላይ፣ ከአድማስ 66 ዲግሪ ከፍ ብሎ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ወደዚያው አቅጣጫ ስለምትገኝ «ወደ ኮምቦልቻ አድርገህ ትንሽ ወደ ደቡብ» ቢባል ከዒላማው ብዙ አይርቅም። ላሊበላ ላይ ቁጥሩ ወደ 123 እና 65 ይጠጋል። በወሎ ውስጥ ያለው ልዩነት ከጥቂት ዲግሪ ስለማይበልጥ አንድ ጎበዝ ሠሪ በሁሉም ወረዳ ያው እጁ ይሠራለታል።

ይህ ለውጥ ለተራራ አገር በረከት ነበር። 66 ዲግሪ ማለት አናት ላይ ሊሆን ትንሽ የቀረው ማለት ነው፤ ጦሳም ሆነ አዝዋ ገደል እዚያ አይደርስም። ገደል ሥር ያለ የገጠር ቤት ሳይቀር ሰማይ እስካየ ድረስ ኢትዮሳትን ይይዛል። ዝናብ በሞገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ቀንሷል፤ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሞገድ በዝናቡ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ በ35 ዲግሪ አግድም ከሚመጣው ከሲሶ በላይ ያጥራል። በልግም ክረምትም ለሚዘንብበት ደጋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው ሳህኑን ራሱ አዙሮ ምንም ሳያገኝ ቀርቷል። ዋናው ምክንያት ኤልኤንቢው ነው ብሎ መናገር ይቻላል። ወደ ምድር ወገብ በቀረብን መጠን ኤልኤንቢው በመያዣው ውስጥ ብዙ መጠምዘዝ አለበት። ለናይልሳት፣ ወደ ሳተላይቱ ፊትን አዙሮ ሲታይ፣ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ 75 ዲግሪ ያህል ይጠመዘዛል። ለኢትዮሳት ደግሞ በተቃራኒው 57 ያህል። ሳህኑ ዞሮ ኤልኤንቢው እንደነበረ ከተተወ ልዩነቱ 132 ዲግሪ ነው፤ ግማሽ ዙር የዞረ ኤልኤንቢ ግን እንዳልዞረ ስለሚቆጠር ከትክክለኛው ቦታ 48 ዲግሪ ገደማ ይርቃል፤ ይህም ሳተላይቱ የሚልካቸው ሁለቱ ዓይነት ሞገዶች፣ አግድሙና ቁሙ፣ እኩል ከሚደባለቁበት ከ45 ዲግሪ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ሳህኑ በትክክል እያየ ቴሌቪዥኑ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። የወሎ ዲሽ ሠሪዎች ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን በእጃቸው አውቀውታል፤ ሪሲቨሩ የሚያሳየው የሲግናል ጥራት፣ ኳሊቲው፣ እስኪወጣ ድረስ መጀመሪያ የሚነኩት ኤልኤንቢውን ነው። ከዚህ ሌላ አሮጌ ሪሲቨሮች ኤችዲ ሥርጭቱን መፍታት ስላልቻሉ ሪሲቨር መለወጥም የግድ ሆነ።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወሎን ሲመታ በወልድያና በላሊበላ አካባቢ መብራት ለወራት ጠፍቶ ሳህኖቹ ያለ ሥራ ከረሙ።

አሠራሩ

ሁሉም የሚጀምረው ከምሰሶው ነው። ቱቦው በቱንቢ ወይም በውሃ ልክ ቀጥ ካላለ ሳህኑ በዞረ ቁጥር ከፍታውም አብሮ ይዛባል። ዋልካ አፈር ባለበት እንደ ጃማና ወረኢሉ ባለ አገር ግቢ ውስጥ የተተከለ ምሰሶ መሠረቱ ጠለቅ ብሎ በሲሚንቶ መያዝ አለበት፤ ዋልካ ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ምሰሶውን ያዘነብለዋል። ኮምፓስ የሚጠቀም ሰው ከቆርቆሮው ራቅ ብሎ ይለካል፤ ብረቱ መርፌውን ያስተዋል።

የተለመደው ባለ 90 ሳንቲም ሳህን ሞገድ የሚቀበለው ከመሐሉ ዝቅ ብሎ ባለ ኤልኤንቢ ስለሆነ ዓይን ያታልላል። ለ66 ዲግሪ ሲስተካከል ፊቱ ከቁም ወደ ኋላ የሚያዘነብለው 40 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ጀማሪ «ወደ ሰማይ ይይ» ብሎ አጋድሞት ሳተላይቱን ያልፈዋል።

ከዚያ ሪሲቨሩ ላይ ፍሪኩዌንሲ ይገባል። ለኢትዮሳት በስፋት የታወቀው ፍሪኩዌንሲ 11105፣ አግድም ሞገድ፣ ሲምቦል ሬት 45000 ነው፤ የኤልኤንቢው ቁጥር 9750 እና 10600 ይሆናል። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመሮች ይታያሉ። ስትሬንዝ የሚባለው ገመዱና ኤልኤንቢው መሥራታቸውን እንጂ ሳተላይቱ መገኘቱን አይናገርም። የሚታመነው ኳሊቲ ነው። አንዱ ጣራ ላይ ሆኖ ቀስ እያለ ያዞራል፣ ሌላው በመስኮት «አልመጣም… ቆይ… ትንሽ መልስ» ይላል፣ በመጨረሻ «አብሽር፣ መጣ!» የሚለው ድምፅ ሰፈሩን ይሞላዋል። ፋይንደር የተባለውን የሲግናል መለኪያ የያዘ ብቻውን ይጨርሳል።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ከዚህ በኋላ ነው። የ90 ሳንቲም ሳህን ዕይታ ሁለት ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ አንድ ዲግሪ መሳት የሲግናሉን ግማሽ ይወስዳል፤ የሳህኑ አንድ ጠርዝ በአንድ ሳንቲም ቢጎተት ደግሞ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ ብሎኑ ሲጠብቅ ሳህኑ እንዳይሸሽ ግራና ቀኙን በየተራ፣ ጥቂት ጥቂት እያሉ ማጥበቅ ያስፈልጋል። በዚህ የሚቸኩል ሠሪ ጥሪው ከመጀመሪያው ነፋስ በኋላ ይመለስበታል። የኬብሉ ጫፍ ውኃ እንዳይገባው በፕላስተር ይጠቀለላል፤ ክረምት ላይ የሚጠፋ ቻናል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው። ሥራው አልቆ ቡና ሳይጠጣ የሚወርድ ዲሽ ሠሪ ደግሞ በወሎ ብርቅ ነው።

ናይልሳትና ኢትዮሳት በቦታቸው 64 ዲግሪ ስለሚራራቁ በአንድ ሳህን ሁለቱን መያዝ አይቻልም። ሁለቱንም የሚፈልግ ቤት ሁለት ሳህን ተክሎ በስዊች ወደ አንድ ሪሲቨር ያገናኛቸዋል፤ አንዱ ወደ ጦሳ፣ አንዱ ወደ ኮምቦልቻ ያያሉ።

ፀሐይ እንደ መለኪያ

በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። ከደሴ ለኢትዮሳት ይህ የሚሆነው በመስቀል ሰሞን፣ መስከረም 17 እና 18 አካባቢ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ እንዲሁም መጋቢት 6 ገደማ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ። ለናይልሳት በመስከረሙ ሰሞን ከቀኑ 10 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ግድም ይሆናል። የፀሐይዋ ጩኸት የሳተላይቱን ሞገድ ስለሚውጠው ሥዕሉ ለጥቂት ደቂቃ ይቆራረጣል፤ ይህን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ብሎን የሚፈታ ሰው ደህናውን ሳህን ያበላሻል። በዚያች ሰዓት ፀሐይ ያረፈችበት ቦታ ሁሉ ሳተላይቱን እንደሚያይ የተረጋገጠ ነው። የባሕር ዛፍ ጥላ የወደቀበት ግን አያይም። አዲስ ዲሽ የሚተከልበትን ቦታ መምረጥ ያለበት ሰው በእነዚያ ቀናት ግቢው ውስጥ ቆሞ ጥላው የት እንደሚያርፍ በድንጋይ ምልክት ቢያደርግ ይበቃዋል። ኤልኤንቢው መሐል ላይ የተሰቀለበት ትልቅ ሳህን ከሆነ ደግሞ የኤልኤንቢው ጥላ በሳህኑ እምብርት እስኪወድቅ አዙሮ ብሎኑን ያጠብቃል።