ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ማፈራረቅ በድሬዳዋ

ከልምምድ ወይም ከጨዋታ በኋላ የዛለ እግርን ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እያፈራረቁ መንከር የጡንቻ ሕመምን ዝም ብሎ ከማረፍ በተሻለ ይቀንሳል። ሙቁ ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፣ ቀዝቃዛው ያጠባል። ይህ ከጡንቻ ቆሻሻን እንደ ፓምፕ ጠርጎ ያወጣል የሚባለው ግን አከራካሪ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ጥልቁ ጡንቻ ብዙም አይቀዘቅዝም።

ሙቁን ወገን የምሥራቁ ሰው ከኤረር ፍል ውሃ ያውቀዋል። በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረችው፣ የፕሪሚየር ሊጉን ጨዋታዎች ደጋግማ ያስተናገደችው የበረሃዋ ንግሥት ድሬ የሚያስቸግራት ቀዝቃዛው ነው። በቀትር ከሮቶ የሚወርደው ውሃ ራሱ ለብ ያለ ነው።

ለሁለት እግር ሁለት ትልልቅ ባልዲ ይበቃል፣ አንዱ ለሙቁ፣ ሌላው ለቀዝቃዛው፤ በእያንዳንዱ 12 ሊትር። ውሃው 28 ዲግሪ ከሆነ ወደ 14 ለማውረድ 2 ኪሎ ገደማ በረዶ ይፈልጋል፤ ውሃ ተሞልቶ በረዶ የሆነ ሁለት ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ማለት ነው። ሲሞላ እስከ አፉ አይሞላም፣ ውሃ ሲረጋ ስለሚያብጥ ይፈነዳል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሃይላንዱን እንደታሸገ ባልዲው ውስጥ በመጣል ነው፤ ላስቲኩ ስለሚከልለው ቀስ ብሎ ይቀልጣል፣ እግሩ ገብቶ እስኪወጣ ውሃው ገና ለብ ያለ ነው። ላስቲኩን ቀዶ፣ በረዶውን በጨርቅ ጠቅልሎ በዘነዘና ሰባብሮ መጨመር ይሻላል። ሐረር ላይ፣ ውሃው 20 ዲግሪ ከሆነ አንድ ኪሎ እንኳ አይፈጅም።

ሙቁን 40 ለማድረስ 12 ሊትሩ ላይ 2.5 ሊትር የፈላ ውሃ ይጨመራል፣ እግር ከመግባቱ በፊት። ከዚያ ሦስት ደቂቃ ሙቅ፣ አንድ ደቂቃ ቀዝቃዛ፣ አራት ዙር። ሦስተኛው ዙር ላይ ሙቁ ይበርዳል፤ እግርን አውጥቶ ከማንቆርቆሪያው መጨመር ነው። እግሩ ካበጠ መጨረሻው ቀዝቃዛ ይሁን። ጡንቻ ለማሳደግ ብረት የሚያነሳ ሰው ግን ወዲያው ቀዝቃዛ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል፤ እድገቱን ይቀንስበታል።

ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ስለሚችል ሳይሰማው ሊቃጠል ይችላል፤ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር፣ ሙቁንም ሌላ ሰው በክርኑ ይለካለት። ከበርጫ በኋላም አይመከርም፦ ጫት የደም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ ድንገተኛ ቅዝቃዜም ግፊቱን ያባብሰዋል። ለአዲስ ወለምታ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሙቅ ውሃ አይነካውም፤ ቀዝቃዛው ብቻ።