እረፍትና የክላስ ሚዛን በሚና ጨዋታ

ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን በመሰሉ የጠረጴዛ ጨዋታዎች እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ክላስ፣ ማለትም የገጸ ባሕርይ ሙያ፣ ይይዛል። ፋይተር በሰይፍ ይዋጋል። ዊዛርድ አስማቱን አጥንቶ ያመጣል። ዋርሎክ ከመንፈስ ጋር ውል ገብቶ ነው ኃይል ያገኘው። የሁሉም ጉልበት ያልቃል፣ ሲያርፉ ይሞላል። ችግሩ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት እረፍት አይሞሉም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛው እትም ሁለት እረፍት አለው። አጭሩ ቢያንስ 1 ሰዓት ነው፤ ቁጭ ብሎ ቁስል ማሰር፣ መብላት፣ መጠጣት። ረጅሙ 8 ሰዓት ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አይፈቀድም። ደሴ ላይ ለጀማሪ ስናስረዳ በቡና ነው የምንገላገለው። አጭር እረፍት ማለት ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ነው። ረጅሙ ተኝቶ መነሳት። ወሎ ውስጥ ይሄ የማይገባው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ደረጃ 5 የደረሰ ዊዛርድ በቀን 9 ጊዜ ከበድ ያለ አስማት መሥራት ይችላል። በአጭር እረፍት ጥቂት ቢመለስለትም ዋናው የሚሞላው ሌሊት ነው። የዚያው ደረጃ ዋርሎክ ያለው 2 ብቻ ነው። ግን ሁለቱም ጠንካሮች ናቸው፣ በየአጭር እረፍቱም ይመለሳሉ። ቀኑን ሁለቴ ቡና ከተፈላ 6 ጊዜ ይሠራል። ካልተፈላ በ2 ይቀራል። ለፋይተሩ በተራው ላይ ተጨማሪ እርምጃ የሚሰጠው አክሽን ሰርጅም እንደዚሁ ነው።

ታሪኩን ለሚተርከው ለጨዋታ መሪው የተጻፈው የ2014ቱ መጽሐፍ በቀን ከ6 እስከ 8 ፍልሚያ፣ መሃል ላይም ሁለት አጭር እረፍት ይኖራል ብሎ ያስባል። ማን 6 ይጨርሳል? እኛ እሁድ ከሰዓት ተሰብስበን ሁለት ከጨረስን ጎበዞች ነን።

አንዴ ታሪኩን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው በሐረጎ ላይ አደረግነው። ቡድናችን አሞሌ የጫኑ ነጋዴዎችን አጅቦ ሽቅብ ይወጣል። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ጅቦች መጡ። ዊዛርዱ ሁለት ፋየርቦል፣ የእሳት ኳስ አስማት፣ ለቀቀና አመድ አደረጋቸው። ፋይተሩ ሰይፉን እንኳ ከአፎቱ አላወጣም። ከዚያ ዊዛርዱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በቃ እዚሁ እንደር።» ገና እኮ ጠዋት ነው! ሕጉ ጠብቁ ቢልም፣ ጨዋታ ላይ ቀኑን ሙሉ መጠበቅ ማለት «እስኪመሽ ቆየን» ብሎ ማለፍ ነው። ፋይተሩን የያዘው ልጅ ስልኩን መነካካት ጀመረ። ተጫዋቾች ለዚህ ስም አላቸው፤ የአምስት ደቂቃ የሥራ ቀን ይሉታል።

መድኃኒት ተሞክሯል። የ2008ቱ አራተኛ እትም ለሁሉም ክላስ ተመሳሳይ አሠራር ሰጠ፤ ሦስት ዓይነት ኃይል፦ ሁልጊዜ የሚሠራ፣ በየፍልሚያው የሚሞላ፣ በቀን አንዴ የሚሆን። አጭር እረፍቱንም 5 ደቂቃ አደረገው። ሚዛኑ ተስተካከለ፣ ግን ክላሶቹ ተመሳሰሉ ተብሎ ብዙ ተወቀሰ። ሰርቲንዝ ኤጅ የተባለው ጨዋታ እንቅልፉን ትቶ ፍልሚያ ይቆጥራል፤ ከአራት ፍልሚያ በኋላ ሁሉም ይሞላል። አምስተኛው እትም ራሱ አጭሩን 8 ሰዓት፣ ረጅሙን 7 ቀን የሚያደርግ አማራጭ አለው። በ2024ቱ ማሻሻያ ደግሞ ዋርሎክ በቀን አንዴ የአንድ ደቂቃ ሥርዓት ፈጽሞ የአስማቱን ግማሽ ይመልሳል።

እኔ ሕግ ከመቀየር ሰዓቱን ማጥበብ ይሻላል ባይ ነኝ። ቀጣዩ እሁድ ላይ መሪያችን አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፤ ነጋዴዎቹ ለሰኞ ገበያ ደሴ ካልገቡ ክፍያ የለም። ዊዛርዱ ፋየርቦሉን መቆጠብ ጀመረ። የቀሩትን ጅቦች ፋይተሩ በሰይፍ ጨረሳቸው። መንገድ ዳር አጭር እረፍት ሲወሰድ ዊዛርዱ «እንነሳ፣ መሸ» እያለ ይጨቀጭቃል። ዋርሎኩ ግን በረካን ሳልጠጣ ንቅንቅ አልልም ብሎ ድርቅ አለ።