ሶል ሙዚቃ ምንድን ነው? ለስለስ ያለ የፍቅር ዘፈን ማለት አይደለም

«ሶል ማለት ለስለስ ያለ የፍቅር ዘፈን ነው፤ የወንጌል ዘማሪት እዚያ ምን ትሠራለች?» ይላሉ አንድ አስተያየት ሰጪ። ሐዋሳ ላይ የዩኒቨርሲቲ ባንድ የሶል ምሽት አዘጋጅቶ ዘማሪት ሲጋብዝ ይህን የመሰለ ጥያቄ አይጠፋም። ጥያቄው የቆመበት መሠረት ግን የተሳሳተ ነው።

ሶል በፍጥነት አይለካም። ዘፋኙ ምን ያህል ስሜቱን አፈሰሰ ተብሎም አይመዘንም። ሶል የአሠራር ስም ነው። የአሜሪካ ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን የዝማሬ ስልት በሪትም ኤንድ ብሉዝ (የአሜሪካ ጥቁሮች ዓለማዊ ሙዚቃ) ድራምና ቤዝ ላይ ተቀምጦ ዓለማዊ ግጥም ሲይዝ ሶል ይባላል። ስልቱ መሪው ሲጠራ መዘምራኑ የሚመልሱበት፣ አንድ ቃል በብዙ ኖታ የሚሽከረከርበት፣ በዝግታ ተጀምሮ በጩኸት የሚያልቅበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ዘፋኙ ሬይ ቻርልስ «አይ ጋት ኤ ውማን»ን ሲቀርጽ መነሻው የአንድ የመዝሙር ቡድን ዝማሬ ነበር። የሰባኪ ልጅ የሆነችው አሪታ ፍራንክሊን በ1971 ሳን ፍራንሲስኮ ፊልሞር ዌስት አዳራሽ ስትዘፍን በርናርድ ፐርዲ ድራም፣ ኮርኔል ዱፕሪ ጊታር ይዘው አጅበዋታል። በጥር 1972 ሎስ አንጀለስ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ስትቀርጽም ያጀቧት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ድምፁም፣ ድራሙም፣ ጊታሩም ያው ሆኖ የተለወጠው ግጥሙና ቦታው ነው። ስለዚህ ዘማሪቷ በሶል ምሽት ባዳ አይደለችም።

«ለስለስ ያለ» የሚለውም አያስኬድም። የሶል ዘፋኙ ዊልሰን ፒኬት በ1965 ሜምፊስ፣ ስታክስ ስቱዲዮ ውስጥ የቀረጸው «ኢን ዘ ሚድናይት አወር» የዳንስ ሙዚቃ ነው። 2ኛውና 4ኛው ምት ከቦታቸው በጥቂቱ ዘግይተው እንዲያርፉ የተደረገውም በጊዜው የነበረውን ጭፈራ ለመከተል ነው።

አሠራሩን ሸማኔ በቀላሉ ይረዳዋል። ድራምና ቤዝ ድር ናቸው፤ ተወጥረው አይነቃነቁም። ድምፁ ማግ ነው፤ በድሩ መካከል ይመላለሳል፣ አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል። ዘማሪቷ ቃል ስታስረዝም ባንዱ አብሯት ከዘገየ ድሩ ላላ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሸመን ነገር የለም። ትራምፔትና ሳክስፎን ጥለት ናቸው፤ ቦታቸው ጠርዝ፣ ማለትም የስንኝ መጨረሻ ነው። የተማሪ ባንድ ላይ በብዛት የሚታየው ጥፋት ጥለቱ መሀል ገብቶ ነጠላውን መሸፈኑ ነው። ድር ግን ማጉን አይሰማም፤ ድራመር ደግሞ መስማት አለበት። ምቱን ሳይለቅ ጉልበቱን ከእሷ ጋር ያሳድጋል።

ዘገምተኛው ሶል እኛ ዘንድ የሚበላሽበት ልዩ ምክንያት አለ። አብዛኛውን ጊዜ በአሥራ ሁለት ይቆጠራል፦ በአንድ ባር (በአንድ የምት ዙር) አራት ምት፣ እያንዳንዱም ለሦስት የተከፈለ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ60 እስከ 70 ምት አካባቢ ነው። ችክችካም ሦስት ሦስት ስለሚቆጠር እጁ በችክችካ የተፈታ ድራመር ሳያስበው ወደዚያ ይንሸራተታል፣ ይፈጥናልም። መድኃኒቱ ስኔሩን (ሹል ድምፅ ያለውን ድራም) 2ኛውና 4ኛው ምት ላይ ብቻ መምታት ነው፤ ከአሥራ ሁለቱ ሲቆጠር 4ኛውና 10ኛው ላይ ይውላል። ታዳሚው 1ኛውና 3ኛው ላይ ማጨብጨብ ከጀመረ ድራመሩ አይከተለው። ከመዘምራኑ ሦስት አራቱ ከመጀመሪያው ባር ጀምረው በትክክለኛው ቦታ ያጨብጭቡ፤ ሰው የሚያየውን ይከተላል።

ቅኝትን በተመለከተ ባቲ ሚነር ለዘማሪቷ ጥሩ ስንቅ ነው። ከሲ ሲጀመር ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት ይሆናል፤ የብሉዝ ድምፆችም እነዚሁ ናቸው። ልዩነቱ ከሥራቸው ያለው ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሲ ሰቨን መሆኑ ነው። ኮርዱ ኢ ናቹራል አለው፣ ድምፁ ደግሞ ከኢ ፍላት ወደ ኢ እየተንሸራተተ ይፋተገዋል። ይህ ፍትጊያ የሚፈለግ ነው። ኪቦርዲስቱ «ላስማማላት» ብሎ ኮርዱን ወደ ሲ ሚነር ከቀየረው ሶሉ በዚያው ያበቃል። ትዝታ ሚነርን ይዛ ከመጣች ግን በእርግጥ ይጋጫል፤ በቅኝቱ ያለው ኤ ፍላት፣ ከሲ ሰቨን ጋር በሚፈራረቀው ኤፍ ሰቨን ኮርድ ውስጥ ካለው ኤ ጋር አይስማማም። ኪቦርዱን ካነሣን አይቀር፣ አብሮት የመጣው አውቶማቲክ ሪትም ይጥፋ፣ የኦርጋን ድምፅ ይመረጥ፣ ቤዝ ጊታር ካለ ግራ እጅ ዝቅ ያሉትን ኖታዎች ይተው።

ኪ፣ ማለትም ዘፈኑ የሚነሣበት ድምፅ፣ የሚመረጠው ዘማሪቷ ትኩስ ሆና ሳይሆን ልምምድ ሲያልቅ፣ ድምፅዋ ሲደክም ነው። ከፍተኛዋን ኖታ ያኔ ከደረሰችበት መድረክ ላይም ትደርስበታለች። ይህ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይወሰን። የሆርኖች ኖታ ከሚሰማው ድምፅ ተለይቶ ስለሚጻፍ፣ ባንዱ በኤ ፍላት ሲጫወት ትራምፔትና ቴነር ሳክስፎን በቢ ፍላት፣ አልቶ በኤፍ ያነባሉ፤ ቀላል ነው። በመጨረሻው ቀን «ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጉልኝ» ከተባለ ግን የመጀመሪያዎቹ አምስት ሻርፕ (ግማሽ ድምፅ ከፍ የተደረገ ኖታ)፣ አልቶው ስድስት ሻርፕ ይደርሳቸዋል። የተማሪ ሆርን (የትራምፔትና የሳክስፎን) ክፍል ይህን በአንድ ሌሊት አይወጣውም።

መዘምራኑ ከድራሙ ፊት ለፊት አይቁሙ፤ ሲምባሉ በእነሱ ማይክ ይገባና ሳውንድ ማኑ ድምፃቸውን ከፍ ባደረገ ቁጥር ከፍ የሚለው ሲምባሉ ይሆናል።

ግጥሙ ቀድሞ ይነገራት። በዘፈንና በመዝሙር መካከል ያለው ድንበር እኛ ዘንድ ከባድ ነው፤ የማትዘፍነውን ቃል ልምምድ ላይ ማስገባት እሷን ማሳፈር ነው። ባንዱ ሶሉን ተጫውቶ እሷ በዚያው ሪትም መዝሙር ብትዘምር ሙዚቃው ምንም አይጎድልበትም።

መጨረሻ ላይ ሲ ሰቨንና ኤፍ ሰቨን እየተፈራረቁ የሚደጋገሙበት ቦታ አለ። ጥሪውና ምላሹ የሚግለው እዚያ ነው፤ «ስምንት ጊዜ ደግመን እንቁም» ብሎ የሚቆጥር ባንድ በትክክል ሲጋጋል ያቋርጠዋል። በቁጥር ፈንታ በምልክት ተስማሙ፦ እጅዋን ከፍ ካደረገች ይቀጥላል፣ ከጨበጠች በሚቀጥለው 1ኛ ምት ላይ ሁሉም ይቆማል። ምልክቱን መጀመሪያ ማየት ያለበት ድራመሩ ስለሆነ፣ መድረኩ ሲዘጋጅ ኪቦርዱ በእሱና በዘማሪቷ መካከል እንዳይቆም።