«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ»፦ ከእርሻ ወደ ዕርቅ አደባባይ

የአንድ አገር ችግር የሚፈታው አገሩን በሚያውቅ ሰውና በአገሩ ደንብ ነው ለማለት «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚሰማው ጠብ ተነሥቶ «ማን ያስታርቅ?» ሲባል ነው። «ይታረሳል» የሚለው መጨረሻው አይነገርም፤ ሰሚው በልቡ ይሞላዋል። ገበሬ የሆነ ሰሚ ደግሞ ከዚያም በላይ ይረዳል፤ ሰርዶ ምን ዓይነት ጠላት እንደሆነ ያውቃልና።

ሰርዶ ላየው ሰው ለከብት የሚመች ደህና ሣር ነው። ጉዱ ከሥር ነው። ግንዱ በመሬት ላይም ከመሬት በታችም እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰዳል። የአገራችን ማረሻ አፈሩን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ አይገለብጠውም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ታርሶ ዝናብ ያገኘው ሰርዶ ይብስበታል፤ የተቆራረጠው አንጓ ሁሉ ለየብቻው ይበቅላል። ገበሬው የሚያሸንፈው በበጋ አርሶ፣ ሥሩን ለፀሐይ አስጥቶ፣ የወጣውን በእጁ ለቅሞ አቃጥሎ፣ ከዚያም ማሳውን አንዴ በቁመት አንዴ በአግድም እየደጋገመ ሲያርስ ነው። እዚህ ላይ የበሬው ጠባይ ይለያል። ማረሻው ሥር ሲይዘው እንግዳ በሬ ደንግጦ ይስባል፣ ሞፈር ወይም ድግር ይሰብራል። መሬቱን የለመደው ግን ሲከብደው ቀስ ይላል፣ የአራሹን ድምፅ ይጠብቃል። ምሳሌው የተወለደው ከዚህ ነው፤ ጉልበት ብቻ ሰርዶን አይነቅልም።

ወሎ ውስጥ ይህ ምሳሌ በሚነሣበት ከባድ ጉዳይ ሰርዶው ደም ነው። ሰው ሲሞት ቂሙ ከሟችና ከገዳይ አልፎ ወደ ዘመድ ይዛመታል፤ ገበያና ውሃ መውረጃ ይለያያል። በሐብሩና በአካባቢው አባጋር የሚባሉት አስታራቂዎች፣ በራያ ቆቦ በኩል ዘወልድ የሚባለው የዕርቅ ሥርዓት ሽማግሌዎች ተሰሚነት ያገኙት ይህን ደም በማድረቅ ነው። ሼኹና ቄሱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚሸመግሉበት አገር ስለሆነ፣ አስታራቂው የሁለቱንም ወገን ቋንቋ፣ የሁለቱንም ጾምና የሁለቱንም ማዕድ ማወቅ ግዴታው ነው።

ከአነጋገሩ እንጀምር። ሽማግሌ ወደ ሟች ቤት ሄዶ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ አይገባም። «አማን ነው? ከብቱ፣ ልጁ፣ ዝናቡስ?» ይባላል፤ ምርቃትና ዱዓ ይቀድማል፤ ክርስቲያኑ «አሜን»፣ ሙስሊሙ «አሚን» ይላል። ነገሩ ሲነሣም የገዳይ ስም እየተጠራ አይወቀስም፣ የሟች ወገንም «ይቅር በል» ተብሎ አይታዘዝም፤ ይለመናል። ሽማግሌዎቹ ቆመው «ቃል ካልሰጣችሁን አንቀመጥም» ይላሉ። የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «አይሆንም» ነው። ይህ እምቢታ የሟች ክብር ነው፤ ወንድሙ በመጀመሪያው ቀን እሺ ቢል «ደሙን አረከሰው» ይባላል። የአገሩ ሽማግሌ ይህን ስለሚያውቅ መርቆ ይመለሳል፣ በሌላ ቀን ሰው ጨምሮ ይመጣል። ከውጭ የመጣ አስታራቂ ግን እምቢታውን እንደ መጨረሻ ቃል ይወስደዋል፣ ወይም በዚያው ቀን ይጨቀጭቃል። ሁለቱም ነገሩን ያበላሻል፤ የመጀመሪያው ቶሎ ተስፋ ስለቆረጠ፣ ሁለተኛው ለኀዘንተኛው ክብሩን የሚጠብቅበት ጊዜ ስለነሣው።

ዕርቁ ከተቆረጠ በኋላ የሚመጣው ማዕድ ደግሞ ከንግግሩ ይልቅ ረቂቅ ነው። ወገኖቹ በሃይማኖት ከተለያዩ፣ ወይም እንደ አብዛኛው የወሎ ቤተ ዘመድ በአንድ ወገን ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት ካለ፣ አንድ በሬ አርዶ ሁሉንም ማብላት አይቻልም። በልማዱ ክርስቲያን ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊም ሙስሊም ያረደውን ነውና የሚበላው፣ ሁለት እርድ ይዘጋጃል፤ ቢላውም ድስቱም ለየብቻ ነው። ጠላ ለሚጠጣ ጠላ፣ ለማይጠጣ ቀሪቦ ወይም ብርዝ ይቀርባል። ቡናው ግን አንድ ነው፤ አቦል፣ ቶናና በረካ አብረው ይጠጣሉ። ቀኑም ይታሰብበታል። ረቡዕና ዓርብ ወይም በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ቢሆን ክርስቲያኑ ሥጋ አይቀምስም፤ በረመዳን ቀን ሙስሊሙ ውሃም አይጎነጭም፤ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚገባ አምና የሠራው ቀን ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። በዚህ የተሳሳተ ሰው ያልበላ ታራቂ ይተዋል፤ አብሮ ያልበላ ደግሞ ታርቋል አይባልም።

ምሳሌውን «እንግዳ አያገባውም» ለማለት የሚጠቀሙበት አሉ። ይህ አረዳድ ስሕተት ነው፣ ወሎ ላይ ደግሞ ጭራሽ አያስኬድም። ገበሬው በሬውን ከባቲ የሰኞ ገበያ ገዝቶ ሊያመጣው ይችላል፤ የአገሩ በሬ የሚያሰኘው በዚያ መወለዱ ሳይሆን በዚያ መሬት ላይ መገራቱ ነው። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በገበያና በጋብቻ በተሳሰሩበት ምድር፣ ከሌላ መጥቶ ደንቡን የተማረ ሰው ጥሩ ሽማግሌ ይወጣዋል።

የምሳሌው እውነተኛ ድክመት ሌላ ነው። የአገሩ በሬ አንዳንዱን ሰርዶ ለምዶት ያልፈዋል። ጠለፋን እናንሣ፦ ልጅቷ ተጠልፋ ሽማግሌ ይላካል፣ ጥሎሽ ይቆረጣል፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ይታረቃሉ፤ እሷን የጠየቃት የለም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ጠላፊው ካገባት ከክስ ያድነው ነበር፤ በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ዘግቶታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ የሚፈቅደው ግን ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። በነፍስ ግድያም ዕርቅ ቂሙን ያበርዳል እንጂ የዐቃቤ ሕግን ክስ አያስቀርም። ስለዚህ «ያገሩን ሰርዶ» ብሎ ጠለፋን ወይም መድፈርን ወደ ሽማግሌ የሚመልስ ሰው ሲያጋጥም፣ ልጅቷን ወደ ፖሊስና ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይቀድማል፤ በተለይ በመድፈር ከ72 ሰዓት በፊት ጤና ተቋም መድረስ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ለመጀመር ወሳኝ ነው።