ስንዝሮ ምንድን ነው? ትንሽ ጀግና ሁሉ ስንዝሮ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ዳዊትን፣ የፈረንሳዩን ትንሹን ፑሴን፣ የዙሉውን ሁላካንያናንና የጃፓኑን ኢሱንቦሺን በአንድ ትንፋሽ ደርድረው «ስንዝሮ በየአገሩ አለ፤ መልእክቱም አንድ ነው፤ ትንሽን አትናቁ» ሲሉ ደመደሙ። ይህን ድምዳሜ በተለያየ ብዕር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት እንጃ። ዛሬ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም።

ዳዊትን ቶሎ እናስወጣው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 ዳዊት ከወንድሞቹ ታናሽ ነው፤ ቁመተ አጭር ነው የሚል ግን የለም። የሳኦልን የጦር ልብስ ያወለቀውም «አልተለማመድሁትም» ብሎ እንጂ ሰፍቶት ነው አልተባለም። ወንጭፍ የለመደ ጤነኛ እረኛ ነው። ትንሽ ያደረገው የሥዕል መጽሐፍ ነው።

የቀሩት ሦስቱ የሚደባለቁት በተረት ውስጥ ያለ አንድ ነገርና ተረቱ ራሱ ስለማይለዩ ነው። በርበሬ በዶሮ ወጥም በምስር ወጥም ይገባል፤ ስለዚህ ሁለቱ አንድ ወጥ ናቸው የሚል የለም። የጀግናው ማነስም እንዲሁ ነው፤ በብዙ ድስት ውስጥ ይገኛል። መጠየቅ ያለበት ከሽንኩርቱ ጋር ከመጀመሪያው ተቁላልቶ ወጡን ወጥ ያደረገው እሱ ነው ወይስ ከወጣ በኋላ ላዩ ላይ ብን የተደረገ ነው የሚለው ነው። መለያውም ቀላል ነው፤ ጀግናውን እንደማንኛውም ልጅ አስረዝሙትና ተረቱ መቆሙን እዩ።

በጀርመናውያኑ ተረት ሰብሳቢ ወንድማማቾች ግሪም ስብስብ 37ኛው ተረት ላይ ይህን ሞክሩት። ልጅ ያጡ ገበሬና ሚስቱ ምሽት ላይ ምድጃ ዳር ተቀምጠው «አውራ ጣት የምታክል እንኳ ብትሆን» ብለው ይመኛሉ፤ ያችኑ የሚያክል ልጅ ይወለዳል። ፈረሱ ጆሮ ውስጥ ተቀምጦ እያዘዘ ጋሪ ይነዳል። ሁለት መንገደኞች ለትርኢት ሊያሳዩት ሲጠይቁ አባቱን ሽጠኝ የሚለው ራሱ ነው። ከዚያ አይጥ ጉድጓድ ገብቶ ያመልጣል፤ ከሌቦች ጋር ቄሱ ቤት ይሄድና ሆን ብሎ እየጮኸ ሰው ይቀሰቅስባቸዋል። ሣር ውስጥ ተኝቶ ሳለ ላም ትውጠዋለች። ከሆዷ ሆኖ «ድርቆሽ ይብቃችሁ!» እያለ ሲጮህ ቄሱ ላሚቱን ሰይጣን ገባባት ብለው ያሳርዷታል፤ የተጣለውን ጨጓራ ደግሞ ተኩላ ይውጠዋል። እሱም ተኩላውን «የሚበላ ሞልቶልሃል» እያለ ወደ አባቱ ጓዳ ይመራዋል፤ ተኩላው ጠግቦ በገባበት መውጣት ያቅተዋል፤ አባት በመጥረቢያ ጨርሶት ልጁን ያወጣዋል። ይህን ልጅ አንድ ክንድ ብቻ አስረዝሙት፤ ጆሮው፣ ጉድጓዱ፣ ጨጓራው ሁሉ ይዘጋል። ስንዝሮ ማለት ይህ ነው፤ ትንሹ ትልቁን የሚጥልበት ሳይሆን ትንሹ በትልልቁ ነገር ውስጥ አልፎ የሚወጣበት ተረት። በመጨረሻም አያድግም።

ድልም አስፈላጊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1621 ለንደን ላይ የታተመው የቶም ታምብ ታሪክ ጀግናውን ፑዲንግ ውስጥ ይጥለዋል፤ ላም፣ ግዙፍ ሰውና ዓሣ በተራ ይውጡታል፤ በዓሣው ሆድ ከንጉሥ አርተር ማዕድ ደርሶ የቤተ መንግሥቱ መደሰቻ ይሆናል። «ትንሽን አትናቁ» የሚለው ምክር እዚህ የቱ ጋ ነው?

የሻርል ፔሮ ትንሹ ፑሴ (1697) ደግሞ ሲወለድ ብቻ ነው አውራ ጣት የሚያክለው። ከዚያ በኋላ ከሰባት ወንድማማቾች ታናሹና ብልሁ ነው፤ ጠጠር እየጣለ መንገድ ያገኛል፣ የወንድሞቹን ቆብ ከጭራቁ ሴት ልጆች ዘውድ ጋር ይቀያይራል። የአሥር ዓመት ልጅ ሁሉ ይህን ያደርጋል። እዚህ ማነስ ላዩ ላይ የተበተነ በርበሬ ነው። ተመሳሳይ ተረቶችን በቁጥር የሚመድበው ዓለም አቀፉ የተረት ዓይነቶች መዝገብም ስሙን ሳያይ 327ቢ ላይ፣ ከጭራቅ ቤት ከሚያመልጡ ልጆች ጋር አስቀምጦታል፤ የግሪሙ ስንዝሮ 700 ነው።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቁጥሩ የመደርደሪያ ምልክት እንጂ የዘር ሐረግ አይደለም። መዝገቡን እ.ኤ.አ. በ1910 የጀመረው ፊንላንዳዊው አንቲ አርነ በእጁ የነበረው በአብዛኛው የሰሜን አውሮፓ ተረት ነበር፤ እስከ 2004 ድረስ ቢሰፋም የአፍሪካን ተረት ሲያስገቡበት ይጠባል። ሁላካንያና ማስረጃ ነው። ሚስዮናዊው ሄንሪ ካላዌይ እ.ኤ.አ. በ1868 ባሳተመው የዙሉ ተረት ገና በማሕፀን ሳለ እናቱን «ሥጋው ሊያልቅ ነው፣ ውለጂኝ» ይላታል፤ ተወልዶም እትብቱን ራሱ ይቆርጣል፣ የሌሎችን ድርሻ ሥጋ እያታለለ ይበላል፤ በኋላም የሰው በላውን እናት በጨዋታ አስመስሎ ቀቅሎ ይገድላታል። ቁመቱ ቢጨምር ምን ይጎድልበታል? አታላይነቱ እንደሆነ አይነካም። የአታላዮች ወገን ነው።

ኢሱንቦሺ ከሁሉም ያስቸግራል። ቁመቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ሰይፉ መርፌ፣ ጀልባው የሩዝ ሳህን፣ መቅዘፊያው የመመገቢያ እንጨት፤ እዚህ ማነሱ በእርግጥ ተቁላልቷል። ኋላ ግን ጭራቆቹ ጥለውት በሸሹት ተአምረኛ መዶሻ ሙሉ ሰው ይሆናል። በርበሬው ከተሠራ ወጥ ተለቅሞ ወጣ ልበል? ምሳሌዬ እዚህ ላይ አልበቃኝም። ለእሱ ማነስ የሚገላገሉት ነገር ነው፤ ለግሪሙ ልጅ ግን መኖሪያው ነው።

ተንታኙ «ትንሹ ግን ቅን» ያሉት ኢሱንቦሺም የልጆች መጽሐፍ ሥራ ነው። ኦቶጊዞሺ በሚባሉት የቀድሞ የጃፓን አጫጭር ተረቶች ውስጥ ባለው ቅጂ ወላጆቹ ራሳቸው አለማደጉን አይተው ሊያባርሩት ይመክራሉ። እሱም ኪዮቶ ገብቶ የመኳንንቱን ልጅ ይመኛል፤ በተኛችበት አፏ ላይ ሩዝ ይቀባና «ሩዜን ሰረቀችኝ» ብሎ ያለቅሳል። አባቷ አምኖ ከቤት ያስወጣታል፤ ኢሱንቦሺም ይዟት ይሄዳል። ለልጆች ሲታተም ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ልጅቱም አብራው የምትጓዘው ወድዳው ይመስላል።